አደራ የያዘው ሻንጣ

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ስወጣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ነበሩኝ፤ በሁለቱ ውስጥ የእኔ የሚባለው ዕቃ ግን ተሰብስቦ የአንዱን እኩሌታ አይሞላም ነበር። አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች እንደሚፈቀዱለት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእኔ ጉዞ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ በፌስታል ወይም በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ከቤታችን አልጠፋም። እናቴ ከጎረቤት በተዋሰችው የእጅ ሚዛን አንዱን እያወጣች ሌላውን እያስገባች ሦስት ምሽት ስትመዝን አመሸች። ማንንም «አይሆንም» ብላ ለመመለስ አልጨከነችም፤ እኔም እንድትመልስ አልፈለግሁም። ባሕር ማዶ ልጅ ወይም እህት ያለው ሰው፣ ከእጁ የወጣው ነገር እዚያ እጃቸው እንደሚገባ ልቡ የሚያምነው በሚያውቀው ሰው ሻንጣ ሲሄድለት ነው።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ አራት ኪሎ እንኳ የማይሞላው የጎረቤታችን የእትዬ አደራ ነበር። ልጃቸው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበር። እትዬ ሄደው ሊያርሷት ቪዛ ጠይቀው አልተሳካላቸውም፤ ስለዚህ በእሳቸው ፋንታ የሚሄደው ያ ጥቅል ነው። ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬ፣ ከእነሱም በላይ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ የተቀመጠ የሕፃኑ የክርስትና ልብስ ከትንሽ ነጠላ ጋር ነበረበት። እኔ የምደርሰው ማክሰኞ ነው፤ ሕፃኑ 40 ቀን ሞልቶት ክርስትና የሚነሣው እሑድ ነው። እትዬ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ሲሰጡኝ «አደራ ልጄ፣ ሳይረፍድበት» ብቻ አሉኝ። እኔም ተቀብዬ፣ ቦታ ይኖረዋል ባልኩት ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብሶቼ መሐል አስገባሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ቀን የተቆረጠለት ዕቃ ከመንገደኛው እጅ መውጣት አልነበረበትም።

የሄድኩት በአንድ የአውሮፓ ከተማ አውሮፕላን ቀይሬ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ስለደረሰ ወደ ሁለተኛው የተሳፈርኩት እየሮጥኩ ሲሆን፣ እኔ በሩጫ የደረስኩበት ቦታ ሻንጣዎቼም ደርሰው እንደሆነ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰው ሮጦ በሩ ሳይዘጋ ሊደርስ ይችላል፣ ሻንጣ ግን ከአንዱ አውሮፕላን ሆድ ወጥቶ፣ ተለይቶ፣ በተጎታች ተጭኖ ወደ ሌላው እስኪገባ የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። ይህን የሚያውቅ መንገደኛ አጭር ሰዓት ያለው ትኬት ሲቆርጥ ሁለት ጊዜ ያስባል።

ደለስ አየር ማረፊያ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነበር። ስሙ ቴክሳስ ካለችው ከዳላስ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ዘመዶቼ ወደዚያ የሄድኩ መስሏቸው ነበር፤ ይህኛው ግን በቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በጆን ፎስተር ደለስ ስም የተሰየመ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከዋሽንግተን መሐል ከተማ ወደ ምዕራብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ነው። ከአውሮፕላኑ ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን መቀመጫዎች ያሉት ሰፊ ክፍል ውስጥ አስገቡን። የመጠበቂያ አዳራሽ ነው ብዬ ቦርሳዬን አስቀምጬ ስቆም በሩ ተዘጋ፣ ክፍሉም መንቀሳቀስ ጀመረ። በፈረንጆቹ 1962 የተከፈተውን የአየር ማረፊያውን ሕንፃ የነደፈው አርክቴክት ኤሮ ሳሪነን፣ መንገደኛው ረጅም ኮሪደር እንዳይራመድ አዳራሹ ራሱ ወደ አውሮፕላኑ ይሂድ ብሎ ያሰበው ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ወዴት እንደሚወስዱን ስላላወቅሁ፣ አጠገቤ የቆሙትን ሰዎች ፊት እያየሁ፣ እነሱ ካልደነገጡ እኔም አልደነግጥም እያልኩ ሄድኩ። በማያውቁት አገር የመጀመሪያው ካርታ የሌላው ሰው ፊት ነው።

ፓስፖርት የሚታይበት ወረፋ ረጅም ቢሆንም ያን ያህል አላስቸገረኝም። ጣቶቼን አሻራ ላይ አሳረፍኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ ለምን እንደመጣሁና የት እንደማርፍ ተጠየቅሁ፣ መለስኩ፣ ማኅተም ተመታልኝ። እኔ «አለፍኩ» ብዬ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት እዚያ ላይ ነበር። አገር ቤት ሁሉም ሲያዘጋጀኝ የነበረው ለቪዛው ቃለ መጠይቅና ለዚህ መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ በኋላ እስከ ቤት ደጃፍ ድረስ ስላለው መንገድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዋናው ፈተና የጠበቀኝ ግን እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ወደ ሻንጣ መቀበያው ስወርድ የበረራችን ቁጥር የተጻፈበት ቀበቶ መዞር ጀምሮ ነበር። እናቴ ከአሮጌ ሻሿ ቀድዳ በሁለቱም ሻንጣዎች እጀታ ላይ ቢጫ ጨርቅ አስራልኝ ነበር። ጥቁር ሻንጣ ከጥቁር ሻንጣ እንደማይለይ እሷ ከቤቷ ሳትወጣ የገባትን ነገር እኔ የተረዳሁት ቀበቶው ዳር ቆሜ ነው። ከጎማው መጋረጃ እየገፉ ከሚወጡት ሻንጣዎች አብዛኞቹ ጥቁር፣ አብዛኞቹ ባለ ጎማ፣ ብዙዎቹም በአንድ መጠን የተሠሩ ነበሩ። የመጀመሪያውን ቢጫ ጨርቅ ከሩቅ ሳየው እናቴን ያየሁ ያህል ደስ አለኝ። ጎትቼ አወረድኩት፤ ትንሹ ሻንጣ ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን መጠበቅ ጀመርኩ።

ቀበቶ ዳር የሚጠበቅ ጊዜ እንደ ሌላው ጊዜ አይቆጠርም። መጀመሪያ አብሮ የቆመው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። ቀስ በቀስ አንድ ቤተሰብ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል፣ ቦታው ይሰፋል፣ ድምፁ ይቀንሳል። በመጨረሻ ባለቤት ያላነሣቸው ሦስት ሻንጣዎች ደጋግመው ሲያልፉ፣ ከመካከላቸው አንዱ የእኔ ቢሆን ብዬ ያወቅሁትን እንዳላወቅሁ ሆኜ ስማቸውን ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ቀበቶው ቆመ። በዓይኔ የመጣው የሕፃኑ ነጭ ልብስ ነው፤ የእኔ ጫማና ሹራብ ትዝ ያለኝ በነጋታው ነው።

የጠፋ ሻንጣ የሚመዘገብበት ጠረጴዛ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ጉምሩኩ ሳይታለፍ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር፤ «ሻንጣዬ አልወጣም» ብዬ የጠየቅሁት የጽዳት ሠራተኛ ነው በእጁ ያሳየኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት በላስቲክ የተሸፈነ ካርቶን አወጣች፤ በላዩ ላይ የሻንጣ ዓይነቶች ሥዕል በተርታ ተሥሎ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቀለሞችም ተደርድረውበት ነበር። የትኛውን ይመስላል አለችኝ። በዓይኔ ያለውን ሻንጣ ከሥዕሉ ጋር ማስታረቅ ቸገረኝ፤ ዚፑ ከላይ ነው ወይስ ከጎን፣ ጎማው ሁለት ነው ወይስ አራት፣ እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ውስጡ ምን አለ ስትለኝ ግን አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። በርበሬን «ቀይ የቃሪያ ዱቄት» ብላ ጻፈች፤ በሶን ደግሞ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ስለ ሕፃኑ ልብስ ስነግራት መጻፏን አቁማ «መቼ ነው የሚያስፈልገው?» አለችኝ። እሑድ አልኳት። በወረቀቱ ጫፍ ላይ ቀኑን በትልቁ ጻፈችው። ያ ጽሕፈት ነገሩን አፍጥኖት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሰው እንደሰማኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚጓዝ ዘመድና ጓደኛ ሁሉ የምነግረው ነገር አለ። ሻንጣ ሲያስረክቡ ከትኬቱ ጀርባ የሚለጠፈው ትንሽ ወረቀት እንዳይጣል። በላዩ ላይ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ ከመጀመሪያው አኃዝ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ቁጥሮች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ለምሳሌ 071 ነው፤ የተቀሩት ስድስቱ የዚያ ሻንጣ ብቻ ናቸው። ያ ወረቀት ከሌለ ሻንጣው ስም አልባ ይሆናል። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ በአየር ማረፊያው ምልክት የሚጀምር የመከታተያ ቁጥር ይሰጣል፤ እሱን በስልክ ፎቶ ማንሣት ብቻ ሳይሆን በወረቀትም መገልበጥ ይገባል። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው በፈረንጆቹ 1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት፣ ሻንጣ ተጎድቶ ከመጣ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ መምጣት ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አልፎትም ካልደረሰ እንደ ጠፋ ተቆጥሮ ካሣ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ባለማወቅ «ከፈረንጅ ጋር ምን ያከራክረኛል» ብለው ዝም ያሉ፣ ከእናታቸው የመጣ ዕቃ ጠፍቶባቸው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል። መብቱ ለቋንቋው ባለቤት ብቻ የተጻፈ አይደለም።

በጉምሩክ በኩል ሳልፍ በእጄ የቀረው ትንሹ ሻንጣ ውስጥ ሽሮና ድርቆሽ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ በታደለው ቅጽ ላይ «ምግብ ይዘዋል?» የሚለውን «አዎ» ብዬ ሞልቼ ነበርና ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ አይተው አሳለፉኝ። እናቴ ቋንጣም ልታስገባልኝ ፈልጋ የአክስቴ ልጅ በስልክ ከልክሏት ነበር፤ ሥጋ ከእኛ አገር ይዞ መግባት አይፈቀድም። የያዙትን መናገር አያስቀጣም፤ የሚያስቀጣው መደበቅ ነው።

የአዳራሹ በር ሲከፈት ከብረቱ አጥር ወዲያ ተቀባዮች ቆመዋል፤ አበባ የያዘ፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከፍ ያደረገ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ ሰው ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን አልነበረም። አውሮፕላኑ ካረፈ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስልኬ መንገድ ላይ ባትሪው አልቋል። እኔ በልቤ ይዤ የመጣሁት ሥዕል የቦሌ ነበር፤ ቦሌ ሰው ሲመጣ ዘመድ አዝማድ ውጭ ባለው የመኪና ማቆሚያ ቆሞ፣ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ «ሄዷል» የሚባል ነገር የለም። እዚህ ግን ሰው ከሥራ ሰዓቱ ላይ ቆርሶ ነው የሚመጣው። ከበሩ ፊት ለፊት መኪና አቁሞ መጠበቅ አይፈቀድም፤ ፖሊስ እየመጣ ያስነሣል። ይህንን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ የታየኝ ባዶው ቦታ ብቻ ነበር።

በዚያ መሐል ሁለት ወንዶች በየተራ ቀርበው «ታክሲ? ታክሲ?» አሉኝ። አንዱ ሻንጣዬን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ። ልሰጠው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ የደከመ ሰው ሸክሙን የሚቀበለውን ሁሉ ደግ ነው ብሎ ያስባል። የመለሰኝ ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ነው፦ «እማማ፣ እግርዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ።»

ዞር ስል አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት፣ ነጠላ የለበሱ እናት የተቀመጡበትን ዊልቸር እየገፋች ትወጣለች። እናትየው በደንብ መራመድ የሚችሉ ይመስሉ ነበር። ይህን ልማድ በኋላ በደንብ ተረዳሁት፤ ከአገር ቤት ለብቻቸው የሚመጡ፣ ቋንቋ የማያውቁ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ትኬት ሲቆርጡ ዊልቸር ያዙላቸዋል። ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ፣ ፓስፖርት አሳይቶ፣ ሻንጣ አውርዶ፣ እስከ ልጃቸው እጅ የሚያደርስ ሰው የሚገኘው በዚህ መንገድ ስለሆነ ነው። ደለስ ላይ ደግሞ ዊልቸር ከሚገፉት ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ማታለል ሲቆጥረው ሰምቻለሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። እርዳታ የሚያስፈልገው ጉልበቱ ለደከመ ብቻ አይደለም፤ ሰባ ዓመት በራሳቸው ቋንቋ ኖረው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አፍ እንደሌለው ሰው ለሚሆኑ እናትም ያስፈልጋል።

እናትየውን ለልጆቻቸው አስረክባ፣ እልልታውና ለቅሶው ሲጀምር ፈቀቅ ስትል ጠጋ አልኳት። ገና አፌን ሳልከፍት «ሐበሻ ነሽ አይደል? ማን ነው የሚቀበልሽ?» አለችኝ። የምትናገረው በፍጥነት ነበር፤ ሌላ መንገደኛ እንደሚጠብቃት ያስታውቃል። ስልኬ መጥፋቱን ነገርኳት። «ቁጥሩን በቃልሽ ታውቂዋለሽ?» አለች። አላውቀውም። እናቴ ግን ከቤት ስወጣ የአክስቴን ልጅ ስልክና አድራሻ በቢክ እስክሪብቶ በወረቀት ጽፋ፣ አራት ቦታ አጥፋ፣ ፓስፖርቴ ሽፋን ውስጥ ሸጉጣው ነበር። «ስልኬ ውስጥ አለ» ብዬ ተከራክሬያት ነበር። የዛን ወረቀት እጥፋት እየዘረጋሁ ስሰጣት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሞ ጠብቆኝ፣ የሌሊት ሥራው ሰዓት ስለደረሰ ልቡ እየተከፈለ እንደሄደ፣ መልእክት ደጋግሞ እንደጻፈልኝ ነገረኝ። ድምፁ ይቅርታ ለመጠየቅ ሲፈጥን እኔ ደግሞ ስለ ሻንጣው ለመንገር እፈጥን ነበር። «ስሚኝ» አለኝ፤ «ከውጭ ተሰልፎ ከሚጠብቀው ታክሲ ያዢ። ውስጥ መጥቶ ታክሲ ለሚልሽ ሰው ሻንጣሽን አትስጪ። አድራሻውን ወረቀቱን ራሱን አሳዪው። ቤት ሰው አለ።» ልጅቷ እስከ ታክሲው ተራ ድረስ አብራኝ ወጣችና፣ ለተራ አስከባሪው በእጇ ጠቁማኝ፣ ሮጣ ተመለሰች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ተራው የደረሰው ታክሲ ሹፌር ሸበቶ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን መነጽራቸውን አውርደው አነበቡትና፣ ከአድራሻው በላይ እናቴ በአማርኛ የጻፈችውን «የደረስሽ ዕለት ደውዪ» የሚለውን ሲያዩ ቀና ብለው «እናት ናቸው የጻፉት?» አሉኝ። መንገዱ ላይ ብዙ አወሩኝ። ከአየር ማረፊያው አንድ ሰው ለማግኘት መኪኖች ተሰብስበው በሚጠብቁበት ሜዳ ሰዓታት እንደሚቆዩ፣ እዚያ ቡናም ካርታም ክርክርም እንዳለ፣ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ለአየር ማረፊያ ተጓዦች ብቻ የተለየና ክፍያ የሌለው እንደሆነ ነገሩኝ። ስለ ሻንጣው ሳጫውታቸው «ጋሼ፣ የሰው አደራ ነው» አልኩና ድምፄ ተሰበረ። ወዲያው አላጽናኑኝም። ትንሽ ዝም ብለው ነዱና «አደራ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሻንጣው ግን መንገዱን አያጣም። የእኔም አንድ ጊዜ በአራተኛው ቀን ነው የመጣው» አሉኝ።

ቤት ስንደርስ ሜትሩ 68 ዶላር ይል ነበር፤ ቆጥሬ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ቆጥረው ተቀበሉኝ። ሥራቸው ነው፤ እንዲተዉልኝም አልጠበቅሁም። ነገር ግን ሻንጣዬን ደረጃው ላይ አውጥተው፣ ወደ መኪናቸው ተመልሰው፣ መብራታቸውን ሳያጠፉ ቆሙ። የቤቱ በር ተከፍቶ፣ ሰው ወጥቶ፣ እቅፍ አድርጎ ሲያስገባኝ እስኪያዩ ድረስ አልሄዱም።

ሁለተኛ ጊዜ በዚያ አየር ማረፊያ ያለፍኩት በፈረንጆቹ 2023 ነው። ከዓመቱ በፊት፣ በኅዳር 2022፣ የከተማው ባቡር እስከ አየር ማረፊያው ደርሷል፤ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዤ ስለነበር በባቡሩ ገባሁ፤ ምቹ ነበር። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ለያዘ ሰው ግን አልመክረውም። በዚያ ጉዞ የሰው አደራ ሁሉ የነበረው በእጄ በያዝኩት ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ወደ ሻንጣው የገባው የእኔ ልብስ ነበር።

ያኛው ሻንጣ የመጣው ዓርብ ማታ ነው። አንድ ሰው በሚኒ ቫን አምጥቶ፣ አስፈርሞኝ፣ በሩ ላይ አቁሞት ሄደ። ቢጫው ጨርቅ እጀታው ላይ እንደታሰረ ነበር፤ አንዱ ጫፉ በጥቁር ቅባት ተለውሷል። ስከፍተው ከላይ ሻንጣው ተፈትሿል የሚል የታተመ ወረቀት አገኘሁ፤ ልብሶቼ ተገላብጠዋል፣ የእትዬ ጥቅል ግን እንደታሰረ ነበር። ቤቱን የበርበሬ ሽታ ሞላው። ቅዳሜ ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ አራሷ ቤት ወሰድነው። ገንፎውም፣ በሶውም፣ ሽሮውም ሲወጣ እያመሰገነች ወደ ጎን ታደርግ ነበር። ነጩ ወረቀት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወረቀቱን ቀስ ብላ ገልጣ፣ ነጠላው የታጠፈበትን መስመር በጣቷ ተከትላ፣ «ይህ እጥፍ የእማዬ ነው፤ ሁልጊዜ ጫፉን ወደ ውስጥ ነው የምትመልሰው» አለች። እጥፉን ሳትፈታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስልኳን አነሣች። አዲስ አበባ ገና አልነጋም ነበር፤ እትዬ ግን በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ።